ሹመት ያልፋል፥ መዝገብ ይቀራል

አባቶቻችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» ሲሉ የተረቱት ተረት ከአንደበት ወደ አንደበት እየተላለፈ እስከ እኛ ዘመን ደርሷል። ተረቱ መጀመሪያ የተነገረው የሹማምንትን ጠባይ ለመንቀፍ ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ነቀፋነቱን ትቶ እንደ ምክር ተቀብሎታል። እኛም የመንግሥት ሥራ ከያዝንበት ቀን ጀምሮ ይህን ተረት በሠርግ ቤትም፥ በለቅሶ ቤትም፥ በመሥሪያ ቤት ኮሪደርም ስንሰማው ኖረናል። አንዳንዱ እየሣቀ፥ አንዳንዱም ከልቡ ይናገረዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄም ከዚሁ የሚነሣ ነው፤ ይኸውም፥ ሲሻር የሚቈጨው ያልበላ ነውን? ወይስ ያልሠራ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ከከተማ ሹመት የተሻለ ምሳሌ ያለ አይመስለንም። የጦር አዝማች ቢሆን ድሉ ይዘፈንለታል፤ የሰፊ አገር ገዥ ቢሆን ግዛቱ ይነገርለታል። ከተማ የሚያስተዳድር ሰው ግን ሥራው ውሃ እንዲወርድ፥ ጥራጊ እንዲነሣ፥ መንገድ እንዲቀና፥ ጎረቤትና ጎረቤት በወሰን እንዳይጋጭ ማድረግ ስለ ሆነ፥ ሲቃናለት የሚያስተውለው የለም፤ ሲጓደልበት ግን ሁሉም ይጮኽበታል። ስለዚህ በከተማ ሹመት ላይ የነበሩትን ሰዎች ታሪክ መለስ ብሎ መመልከት፥ የሕዝብ አገልግሎት ምን ማለት እንደ ሆነ ለሚጠይቅ ሰው ትልቅ ትምህርት ይሰጣል።

ከንቲባ የሚለው የማዕርግ ስም በአገራችን የቈየ ነው። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ከቈረቈሩ በኋላ ነገሥታቱ ለረዥም ዘመን መናገሻቸው ስላደረጓት፥ የጎንደርና የአካባቢዋ የደምቢያ ሹም ከንቲባ በሚለው ስም ይታወቅ ነበር። በሐማሴንም በኩል በዚሁ ስም የተጠሩ ሹማምንት ነበሩ። በዚያን ጊዜ ስሙ አገር የሚገዛውንም ከተማ የሚጠብቀውንም ያጠቃልል ነበር እንጂ፥ ዛሬ እንደምናውቀው ለከተማ አስተዳዳሪ ብቻ የተለየ አልነበረም። ትርጉሙ እየጠበበ መጥቶ በከተማ ላይ የጸናው፥ ከተማ ራሱ በአንድ ቦታ መጽናት ሲጀምር ነው።

ከተማ በአንድ ቦታ መጽናት ጀመረ ስንል አንባቢ ሊገረም ይችል ይሆናል። ነገር ግን ከጎንደር መዳከም በኋላ የነገሡት ነገሥታት ብዙውን ጊዜ መናገሻቸው ድንኳን ነበር። ጦሩና ተከታዩ የሰፈረበት ቦታ እንጨቱ ሲያልቅ፥ ሣሩም ሲጠፋ፥ ከተማው ተነሥቶ ይሄዳል። ሲነሣም የሚቀረው የምድጃ ድንጋይና አመድ ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ ወሰን የሚለካ፥ መዝገብ የሚጽፍ፥ ግብር የሚቀበል የከተማ ጸሐፊ አያስፈልግም፤ ዛሬ የለካው ነገ ባዶ ሜዳ ይሆናልና።

በ1879 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ቍር ወርደው በፍል ውሃው አጠገብ መኖር ሲጀምሩ፥ እቴጌይቱም ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሲሰይሙት፥ ይህችም ከተማ እንደ ቀድሞዎቹ ትነሣለች ተብሎ ይጠበቅ ነበር። በእርግጥም እንጨት እያጠረ ስለ ሄደ ንጉሠ ነገሥቱ በምዕራብ በኩል አዲስ ዓለምን ለመናገሻ አስበው ማሠራት ጀምረው ነበር። ነገር ግን ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ አድጎ በከተማይቱ ዙሪያ ደን ሆነ። የማገዶና የቤት እንጨት ስለ ተገኘም ከተማይቱ ሳትነሣ ቀረች። በአዲስ ዓለም የተሠራውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የአንድ ዛፍ መብቀል የአንድን አገር የከተማ ታሪክ እንዴት እንደ ለወጠ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከተማይቱ በቦታዋ ስትጸና ግን ሌላ ችግር ተወለደ። መጀመሪያ ለመኳንንቱና ለጭፍሮቻቸው በየአቅጣጫው ቦታ ተሰጥቶ ስለ ነበር፥ ሰፈሮቹ በየመኳንንቱ ስምና በየነዋሪው ሥራ ይጠሩ ነበር። ዛሬም ድረስ ሠራተኛ ሰፈር፥ ዘበኛ ሰፈር፥ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ፥ ራስ መኰንን ድልድይ፥ ውቤ በረሃ እያልን የምንጠራቸው ስሞች የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። ድንኳን ሲሆን ወሰኑ ካስማ ነው፤ ካስማ ደግሞ ይነቀላል። የድንጋይ ግንብ ሲገነባ፥ ባሕር ዛፍ ሲተከል፥ ነጋዴ ሱቅ ሲከፍት ግን ወሰን የማይነቀል ይሆናል። ያን ጊዜ «ይህ ቦታ የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ጦር ሳይሆን ወረቀት እንዲመልሰው ግድ ሆነ።

ስለዚህም ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ፥ በዚያው ጊዜ አካባቢ ስለ አዲስ አበባ ቦታ የሚደነግግ ሕግ ወጣ። የከተማው ነዋሪ ቦታውን በባለቤትነት እንዲይዝ፥ እንዲሸጥና እንዲያወርስ የሚያስችል ሥርዐት መጀመሪያው ይህ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያም ማዘጋጃ ቤት ተቋቋመ፤ ወልደ ጻድቅ ጎሹም ከመጀመሪያዎቹ የከተማው ሹማምንት አንዱ ሆኑ። ማዘጋጃ ቤት የሚለው ስም ራሱ አስተውሎ ለሚመለከተው ሰው ምክር አለበት። ግምጃ ቤት ግምጃ የሚቀመጥበት ነው፤ ችሎት ፍርድ የሚሰጥበት ነው፤ ማዘጋጃ ቤት ግን ስሙ እንደሚነግረን ነገ ለሚመጣው ሰው ዛሬ የሚዘጋጅበት ቤት ነው። ስለዚህ የዚህ ቤት ሹም ሥራውን የሚሠራው ገና ላልመጣ እንግዳ ነው።

ያልተዘጋጀ ከተማ ምን እንደሚደርስበት ግን ብዙም ሳይቈይ ታየ። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የዓለም ዕቃና የዓለም ሰው አብሮ ገባ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም የዓለም በሽታ ገባ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ የተዛመተው የጉንፋን ወረርሽኝ አዲስ አበባን መታት። ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ብሎ በሚጠራው በዚህ መቅሠፍት ሀብታምና ድኻ ሳይለይ ብዙ ሰው አለቀ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ከሞት አፋፍ ተመለሱ። ቀባሪ ታጥቶ ሬሳ በየቤቱ ቀረ። እስከ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ሕዝባችን ጥራጊውን ከየደጁ አውጥቶ የሚያቃጥለው፥ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለውም ልማድ፥ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ነገር ግን የሞቱት ስንት ነበሩ? ስማቸውስ ማን ነበር? የልደትና የሞት መዝገብ ያልነበረው ከተማ ሙታኑን መቍጠር ስላልቻለ፥ ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ በግምት ብቻ ይናገራሉ። ጭሱ በየዓመቱ ይታወሳል፤ ስሞቹ ግን ጠፉ።

በዚያ ዘመን በከተማው ሹመት ላይ ከነበሩት ሰዎች መካከል ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን እናገኛለን። ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ ተወልደው፥ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተምረው፥ በጽሕፈት ሙያቸው ወደ ቤተ መንግሥት የቀረቡ ሰው ናቸው። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንጉሥ ለአምስተኛው ጆርጅ የዘውድ በዓል ከተላኩት መልእክተኞች ጋር ወደ ሎንዶን ሄደው የሠለጠኑትን ከተሞች በዓይናቸው አይተዋል። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሆነው የመንግሥት ለውጥ በኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሹም ሆኑ። ከዚያም በኢትዮጵያውያንና በውጭ አገር ዜጎች መካከል የሚነሣው ክርክር በሚታይበት ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ፤ በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ ሲሄዱ አብረው ተጓዙ፤ በመጨረሻም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለመሆን በቁ።

ስለ ኅሩይ ሲነገር ብዙ ጊዜ ደራሲነታቸው፥ ወይም ሚኒስትርነታቸው ይነሣል እንጂ የከተማ ሹመታቸው አይነሣም። እኛ ግን የሦስቱ ሥራዎች ሥር አንድ ነው ብለን እናምናለን። ሰውዬው በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ቈጥረው ዝርዝራቸውን አሳትመዋል። በ1915 ዓ.ም. ደግሞ ባለፈው ዘመን የነበሩትን የታወቁ ሰዎች ስምና ሥራ በየተራው መዝግበው፥ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ እንዲሆን «የሕይወት ታሪክ» የሚል መጽሐፍ አውጥተዋል። መጽሐፍን የቈጠረ፥ ሰውን የቈጠረ፥ ቦታንና ወሰንንም በሚቈጥር ቤት ላይ የተሾመ ሰው፥ አሳቡ አንድ መሆኑ ግልጽ ነው። ያልተቈጠረ ነገር እንደሚጠፋ ያውቁ ነበር። እኒህ ሰው በስደት በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በመስከረም 1931 ዓ.ም. ሲሞቱ፥ ከሹመታቸው አንዱም በእጃቸው አልነበረም፤ አገራቸውም በጠላት እጅ ነበረች። መዝገባቸው ግን ዛሬም ለታሪክ ተማሪ ሁሉ እንጀራ ነው።

ሌላው የምናነሣቸው ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ናቸው። ነሲቡ በዘመናዊ ትምህርት ካደጉት ከመጀመሪያዎቹ ወጣቶች አንዱ ሲሆኑ፥ በአሥመራ በቆንስልነት ካገለገሉ በኋላ የአዲስ አበባ ከንቲባ ሆነው ለብዙ ዓመታት ሠሩ። በዚያ ዘመን ከተማይቱ አውቶሞቢል ማየት የጀመረችበት፥ የእግረኛና የበቅሎ መንገድ የነበረው ሁሉ ሰፋ ብሎ መጠረግ የነበረበት ጊዜ ነበር። መንገድ ማስፋት ደግሞ የሰው አጥር ማፍረስ ስለ ሆነ፥ ከንቲባ የሆነ ሰው ከባለ አጥሩ መኰንንም ከባለ ጎጆዋም ድኻ ጋር መነጋገር ነበረበት። ከንቲባው በኋላ ወደ ጦር ሜዳ ተጠሩ፤ በ1928 ዓ.ም. በኦጋዴን ግንባር ከግራዚያኒ ጦር ጋር ተዋጉ። ጦሩ ከተፈታ በኋላም ተሰደው፥ በጥቅምት 1929 ዓ.ም. በስዊስ አገር በዳቮስ በሕመም ሞቱ። መንገድ የጠረጉባት ከተማ ያን ጊዜ በጠላት ባንዲራ ሥር ነበረች። እንዲህ ያለው ሰው ሲሾም አልበላም ተብሎ ይቈጨው ይሆን? እኛ አይመስለንም።

የሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነገር ለማንኛውም የከተማ ሠራተኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጥተው ጠላት እስኪገባ ድረስ በነበሩት ጥቂት ቀናት ከተማይቱ ተዘረፈች፤ ሱቅና ቤትም ነደደ። ለብዙ ዓመታት የተሠራው ሥርዐት ጠባቂ ሲያጣ በጥቂት ሌሊት ፈረሰ። ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን ገብቶ ከተማይቱን በራሱ አሳብ ሊከፍላት ጀመረ። የነጭ ሰፈርና የጥቍር ሰፈር ለይቶ፥ የአራዳውን ገበያ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ አዛወረው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.ና በተከታዮቹ ቀናት ደግሞ የከተማውን ሕዝብ በጥይትና በእሳት ፈጀው። ከተማ በባዕድ እጅ ሲወድቅ ፕላኑ ውብ ቢሆን እንኳ ለማን እንደ ተነደፈ መጠየቅ እንደሚገባ ያን ጊዜ የነበሩት ወገኖቻችን በደማቸው ተማሩት።

ከነፃነት በኋላ ከተማይቱን ለመምራት ከተጠሩት ሰዎች አንዱ፥ ከጦርነቱ በፊትም በከተማው አስተዳደር የሠሩት፥ በጠላት ዘመን ደግሞ ከአርበኞች መሪዎች አንዱ የነበሩት ታከለ ወልደ ሐዋርያት ናቸው። የኒህ ሰው ሕይወት ሹመትና እስራት የተፈራረቁበት ነበር። ሲሾሙ ያመኑበትን ከመናገር አልተመለሱም፤ ሲታሰሩም አሳባቸውን አልለወጡም። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ሊይዟቸው ከመጡት ፖሊሶች ጋር ተታኵሰው በቤታቸው ሞቱ። ስለ ፖለቲካቸው ታሪክ ጸሐፊዎች የየራሳቸውን ፍርድ ይሰጡ፤ እኛ የምናስተውለው ሹመትን የሕይወታቸው ልክ አድርገው አለማየታቸውን ነው።

በዚያው ዘመን የከተማ አስተዳደር በሰው ጠባይ ላይ ብቻ ሳይሆን በተጻፈ ሕግ ላይ እንዲቆም ተሞከረ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር አስተዳደር ድንጋጌ፥ በ1937 ዓ.ም. የወጣው ስለ ማዘጋጃ ቤቶች የሚናገረው አዋጅ ቍጥር 74፥ በ1946 ዓ.ም.ም ለአዲስ አበባ የተሰጠው ቻርተር የዚህ አሳብ ፍሬዎች ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ፥ ደጃዝማች ዘውዴ ገብረ ሥላሴ ከንቲባ ሆኑ። እኒህ ሰው ከከንቲባነትም፥ ከሚኒስትርነትም፥ ከአምባሳደርነትም ይልቅ ዛሬ በዓለም የሚታወቁት ስለ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በጻፉትና በ1967 ዓ.ም. በታተመው የታሪክ መጽሐፍ ነው። ከኅሩይ ቀጥሎ ሁለተኛ ጊዜ የከተማ ሹም የታሪክ ጸሐፊ ሲሆን ስናይ፥ ነገሩ እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይመስለንም። ከተማን የመራ ሰው የትናንት ወረቀት ለነገ ሰው ምን እንደሚጠቅም በየቀኑ በጠረጴዛው ላይ ያያልና ነው።

በፒያሳ ራስጌ ሰዓቱን በግንቡ ላይ ተሸክሞ የሚታየውን የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። አርክቴክቱ የአፍሪካ አዳራሽንም የነደፉት ኢጣልያዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ሲሆኑ፥ ሕንፃው በ1950ዎቹ ዓመታት ተሠራ። መንገደኛ ሁሉ ግንቡን ያደንቃል። እኛ ግን የአንድ ማዘጋጃ ቤት ክብር ከግንቡ ይልቅ በምድር ቤቱ፥ ማለት በመዝገብ ቤቱ ውስጥ ይገኛል እንላለን። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሲሆን፥ ለብዙ ቤተ ሰብ የቀረው አንድ የመኖሪያ ቤት ብቻ ነበር። የዚያም ቤት ማስረጃ በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ያለ አንድ ማኅደር ነው። ከዚያ ወዲህ ሥርዐቱ ስንት ጊዜ ተለወጠ! ቀበሌ መጣ፥ ክፍለ ከተማ መጣ፥ ሊዝ መጣ፥ ኮምፒዩተርም መጣ። ያቺ አንዲት ማኅደር ግን ባለችበት ካልተገኘች፥ ከነዚህ ሁሉ አንዱም ለባለ ቤቱ አይበጀውም።

ይህን የምንለው ከመጽሐፍ ብቻ ተምረን አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ጨርሰን በአንድ ከተማ መዝገብ ቤት ውስጥ ከተቀጠርን አሥር ዓመት አልፎናል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መዝገብ ቤቱ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር፥ ማኅደሮቹን በቍጥራቸው እየለዩ መደርደር የእኛ ድርሻ ነበር። ሥራው አሰልቺ ነበረ፤ አቧራውም ያስነጥሳል። ቶሎ ጨርሰን ለመገላገል ስንል ቍጥራቸው የደበዘዘውን በግምት ደረደርናቸው። ማን ያየናል ብለን ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት አሮጊት ወደ መስኮታችን መጡ። ባለቤታቸው ዐርፈው ኖሮ የቤቱን ካርታ በስማቸው ለማዞር ፈለጉ። የብዙ ዓመት የቤትና የቦታ ግብር ደረሰኝ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል። ማኅደሩን ብንፈልግ አጣነው። «እማማ፥ ነገ ይምጡ» አልናቸው። በነጋታው መጡ። «የሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ» አልናቸው። መጡ። ክረምት ገብቶ ወጣ። አንድ ቀን ዝናብ መትቷቸው መጥተው፥ ነጠላቸውን ፈትተው ደረሰኞቹን አንድ በአንድ በመስኮቱ ላይ ዘርግተው፥ «ልጄ፥ እኔ ከፍያለሁ፤ ይኸው። የከፈልሁትን ማን በላው?» አሉን። እኛም ማንም ገንዘብ እንዳልበላ እናውቅ ነበርና ቅር ብሎን፥ «እማማ፥ ማንም አልበላም፤ ማኅደሩ ነው የጠፋው» ብለን መለስንላቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፥ «እንግዲያው ለእኔ ምን ልዩነት አለው?» አሉ።

ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ከጆሮአችን አልወጣም። በዚያ ሳምንት ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው አንድ የመዝገብ ቤት ሽማግሌ ነገሩን ሰምተው፥ «ከቍጥሩ አትፈልጉ፤ ከእጃችሁ ስሕተት ፈልጉ» አሉን። እኛ በግምት የደረደርነውን ረድፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ አብረውን አወረዱት። ማኅደሩ የአንዱ ቍጥር ጭራ ስለ ደበዘዘ ከሌላ ሰፈር ማኅደሮች መካከል ተወሽቆ ተገኘ። በላዩ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የእኛው ነበር። አሮጊቷ ካርታቸውን ሲቀበሉ መረቁን፤ እኛ ግን ምርቃቱን ቀና ብለን መቀበል አልቻልንም። አጥፊዎቹ እኛ መሆናችንን አልነገርናቸውም። ዛሬ በዚህ ጽሑፍ ስንናገረው የመጀመሪያችን ነው።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ሰው፥ ሹመትን እንደ ማዕድ፥ ሕዝብንም እንደ እንጀራ ያያል። ይህ ነውር መሆኑን ማንም ያውቃል። ነገር ግን የአሮጊቷ ነገር ያስተማረን ከዚህ ያለፈ ነው። ያልበላ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ሳይበላም ሳይሠራም የተቀመጠ፥ ወይም ሥራውን በግምት የደረደረ ሰው፥ በመስኮቱ ማዶ ለቆመው ሰው ከበላው የማይለይበት ጊዜ አለ። «ለእኔ ምን ልዩነት አለው?» የሚለው ጥያቄ በእያንዳንዳችን ጠረጴዛ ላይ ተጽፎ ቢቀመጥ እንዴት በጠቀመን ነበር!

ምናልባት አንባቢ፥ «እናንተ ስለ ከንቲባና ስለ ሚኒስትር ጀምራችሁ በአንድ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ጨረሳችሁ» ብሎ ሊወቅሰን ይችላል። ወቀሳው የሚገባ አይመስለንም። ከንቲባው የሚፈርመው ወረቀት በጸሐፊው እጅ ካልተጠበቀ ፊርማው ከንቱ ነው፤ የጸሐፊውም ጥንቃቄ የከንቲባው ቅንነት ካልታከለበት ፍሬ የለውም። ኅሩይ ሹም ሳሉ ጸሐፊነታቸውን አልተዉም፤ ዘውዴም እንዲሁ። ከተማ ማለት ከላይ ከሰዓቱ ግንብ ጀምሮ እስከ ታች እስከ አቧራማው መደርደሪያ ድረስ በአንድ ክር የተያያዘ ነገር ነው፤ ክሩ በየትኛውም በኩል ቢበጠስ የሚወድቀው ያው አንድ ድኻ ነው።

ሌላም ወቀሳ ሊነሣ ይችላል። ዛሬ መዝገብ ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር እየገባ ስለ ሆነ እንዲህ ያለ ስሕተት አይደገምም የሚሉ አሉ። መሣሪያው መልካም ነው፤ እኛም እንጠቀምበታለን። ነገር ግን በግምት የሚደረድር እጅ በግምት ያስገባል። ደብዛዛውን ቍጥር አይቶ «ማን ያየናል» የሚል ልብ፥ መደርደሪያው እንጨት ቢሆንም መስተዋት ቢሆንም ያው ልብ ነው።

አባቶቻችን ከላይኛው ተረት ሌላ፥ «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚል ተረትም አውርሰውናል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናቆማቸው እኛ የምንመርጠው ሁለተኛውን ነው። በኅዳር በሽታ ያለቁት ወገኖቻችን ስማቸው አልተጻፈም፥ ተረሱ። የኅሩይ መጻሕፍት ተጽፈዋል፥ ተወረሱ። የአሮጊቷ ቤት በአንድ ማኅደር ውስጥ ተጽፎ ስለ ነበር፥ ምንም እንኳ በእኛ ጥፋት ቢዘገይም፥ ለልጆቻቸው ይወረሳል።

ስለዚህ በከተማ ሥራ ላይ ያለህ ወንድማችንና እኅታችን ሆይ፥ ላይኛ ብትሆን ታችኛ፥ ከዕለታት አንድ ቀን ወንበሩን ለሌላ ትለቅለታለህ። በዚያን ቀን በልቼ ነበርን? ብለህ አትጠይቅ። ይልቅስ፥ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው የፈለገውን ነገር ባስቀመጥሁበት ቦታ ያገኘው ይሆን? ብለህ ጠይቅ። እኛም ይህን ጥያቄ በየማታው፥ የመዝገብ ቤቱን በር ቈልፈን ስንወጣ፥ ራሳችንን እንጠይቃለን። መልሱ ሁልጊዜ «አዎን» አይደለም። ነገር ግን የደበዘዘ ቍጥር ባገኘን ቍጥር ወደ ብርሃን አውጥተን ሳናነብ አንደረድረውም።